ከዋናው የወጣችው ክፍል

የልጅ ልጅ አሳድጋችሁ የምትድሩ ሴቶች ካላችሁ፣ የዛሬውን የምጽፈው በተለይ ለእናንተ ነው። ሌሎቻችሁም አንብቡ፤ ፍርሃቴ ግን የሚገባችሁ እናንተ አያቶቹ ናችሁ። ሙሽራይቱ ጓዳ ተቀምጣለች። ሳሎኑን ወንዶች ሞልተውታል። ኒካሁ፣ የጋብቻው ውል፣ ሊታሰር ነው። ልጅቱ ደግሞ ከሐሙስ ምሽት ጀምሮ ከአፏ ቃል አልወጣም።

«ሙሽራ ዝም ብትል ምን ያስፈራል?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ዝም ነው የምትለው። የኔም ፍርሃት የሚነሳው ከዚያው ነው። በእኛ ወግ ኒካሁ ከመታሰሩ በፊት ሁለት ምስክሮች ወደ ሙሽራይቱ ገብተው «እንዲድርሽ አባትሽን ወክለሻል ወይ?» ብለው ይጠይቋታል። አፍራ መልስ ካልሰጠች ዝምታዋ እንደ ፈቃድ ይያዛል። ለዓይን አፋር ልጆች ተብሎ የታሰበ ደግ ነገር ነው፤ እኔም የተዳርኩት በዚያው ነው። ነሲባ ግን አፍራ አይደለም፣ ተቆጥታ ነው ዝም ያለችው። በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ይህንን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ነሲባ የልጄ የአሕመድኑር ልጅ ናት። አሕመድኑር እዚሁ መካነ ሰላም ቁርኣን ያቀራል፤ አባቱም ያቀሩ ነበር፣ አያቱም እንዲሁ። ቤታችን ገንዘብ ባይኖረው ስም አለው። ጀላል ደግሞ የመርዋ ልጅ ነው። መርዋ ወጣትነቷን ጅዳ ላይ በሰው ቤት ስታጥብ፣ ስታበስል ጨርሳ፣ በላከችው ገንዘብ ልጇን አስተማረች፤ ከገበያው በላይ ትልቅ የብረት በር ያለው ቤት ሠራች። እኛ ቤት ይህ እንደ ነውር ይታይ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሽማግሌዎች የመጡ ዕለት ወንድሜ ሰዲቅ «የሪያል ቤት ከቁርኣን ቤት ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ፊቱን አዙሮባቸው ነበር። ሽማግሌዎቹም ተመላልሰው ደጃችንን አሰለቹት፤ በመጨረሻ አሕመድኑር ልጁን ጠይቆ፣ ልጁም ፈቅዳ፣ እሺ ተባለ።

ልጆቹ የተዋወቁት ኮምቦልቻ ሲማሩ ነው፤ ሁለቱም ያጠኑት ኮምፒውተር ነው። ሲመረቁ ጀላል ሻርጃ ሄደ፤ የአንድ ትልቅ ድርጅት ኮምፒውተሮች እንዳይበላሹ የሚጠብቅ ሆነ። ነሲባ ወደ እኛ ተመለሰች፤ የገጠር ትምህርት ቤቶችን ኮምፒውተር እየዞረች የምታሰናዳ ሠራተኛ ሆነች።

ጀላል ወደ ሻርጃ ሊሄድ ሲል ሊሰናበተን የመጣ ዕለት ውሃ አቀረብኩለት። ይጠጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ብርጭቆውን እንደያዘ የነሲባን ላፕቶፕ ያያል። ነሲባም ያንኑ ታያለች። ዓይን ለዓይን አልተያዩም፤ ወላሂ፣ አንዴም። በትዳር ዘመኔ ሁሉ አጠገቤ ተቀምጦ እኔ የማየውን ያየልኝ ሰው አልነበረም። ባሌ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንዲያው አላየልኝም። ያን ቀን ለልጄ ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ሳይበርድ ደግሞ ፈራሁላት።

ላፕቶፑ ላይ የነበረው «ወንፈል» ነው። ሁለቱ ተጋግዘው የሠሩት ፕሮግራም ነው። ምን እንደሚሠራ ብጠይቃት ነሲባ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ።

«እቴቴ፣ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ሙሉ ኮምፒውተር አለው እንበል። እያንዳንዱ ጋ እየተቀመጥሽ ይህን ልጫን፣ ያንን ላስተካክል ብትይ ሳምንትሽ ያልቃል። በዚህኛው ግን አንዱ ላይ ቁጭ ብለሽ የምትፈልጊውን ትጽፊያለሽ፤ እሱ ራሱ ሄዶ ሁሉንም ባንዴ ያሰናዳልሻል።»

«ይሄማ ወንፈል ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ እርሻው ባንድ ቀን አለቀ ማለት ነው» አልኳት። ሳቀች፤ ለጀላል ነገረችው፤ ስሙ በዚያው ጸና።

ጣጣው የመጣው ከክብደቱ ነው። እሱ ከሻርጃ፣ እሷ ከዚህ፣ እያንዳንዳቸው አዳዲስ ክፍል ሲሠሩ፣ ሲጨምሩ ወንፈል አበጠ። ጀላል የዓረብ አገር ድርጅቶች የሚፈልጉትን ጨመረ። ነሲባ የኛን ፊደል፣ የአታሚ ማሽኑን፣ ሌላም ሌላም ጨመረች። ሁሉም በአንድ ሙሉ ጥቅል ነበር የሚላከው። የመካነ ሰላምን ኔትወርክ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ማውረድ ትጀምራለች፤ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ይቋረጣል፤ እንደገና ከሀ። በስልክ ስትማረርለት እሰማለሁ።

«ዋናውን ብቻ ለይተን እናውጣው» ይላታል እሱ። «ሌላው ለብቻው ይቀመጥ፤ የሚፈልግ ይጨምረው። አንቺም በደቂቃ ታወርጂዋለሽ።»

«ማለፊያ» ትለዋለች። «ግን ዋናው የቱ ነው?»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይጨቃጨቃሉ። እሱ «እናሳንሰው» ሲላት፣ እሷ «እዚሁ እኛ አገር ማሻ ያለ አስተማሪ ተጨማሪውን በየትኛው ኔትወርክ ያወርደዋል? ሙሉውን በፍላሽ ብንልክለት አይሻልም?» ትለዋለች። ሲበርድላቸው ይሳሳቃሉ። በመጨረሻ «ስትመጣ ቁጭ ብለን አብረን እንለያለን» ተባብለው ተስማሙ። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ልጄ የያዘቻት እሷን ነው።

*

ሐሙስ ዕለት ቤቱ በሰርግ ጣጣ ተተራምሷል። አሕመድኑር የሙሽርነት ሳምንት ነው ብሎ፣ እስከ ኒካሁ ድረስ ልጆቹ በስልክም እንዳይነጋገሩ ከልክሏል። ነሲባ እግሯን ሂና ተቀብታ ትራስ ላይ ዘርግታዋለች። ስልኳ ጮኸ። እኔ ጀላል መስሎኝ ነበር። ማሻ ላይ የሚያስተምረው በፍቃዱ ነበር፤ በወንፈል የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚያሰናዳው። ሲያወራ ስለሚጮህ እኔም ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ።

«ነሲብዬ፣ ሰርግሽን ላደፈርስ አይደለም፤ ግን ጉድ ሆኛለሁ።»

«ምን ሆንክ በፍቄ?»

«አዲሱን ወንፈል አወረድኩት። እንዴት ቀሏል እባክሽ! ሻዬን ሳልጨርስ ወረደ። ጀላልን መርቄው አልጠገብኩም። ከዚያ አስጀመርኩት፤ መሀል ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ።»

«ይሂዳ። ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል።»

«ይቀጥል ነበር! አሁን አልቀጠለም። ግማሾቹ አልነሣ አሉኝ፤ የተነሡትም ያፈጡብኛል። ርእሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው ያየኛል። ሰኞ ተማሪ ይገባበታል፤ ምን ልሁን?»

ነሲባ ሂናው እንዳይነካካ ተረከዟን ከፍ አድርጋ በጉልበቷ እየተንፏቀቀች ላፕቶፑን አመጣች። ስታነብ አየኋት። ዓይኗ ወደ ታች ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከዚያ ቆመ።

መብራት ሲሄድ ሥራው የት እንደደረሰ የሚያስታውሰው፣ ሲመለስ ከዚያው የሚያስቀጥለው ክፍል የነሲባ ነው። ሌሎቹን ክፍሎች እቤት ሆና ነው የሠራቻቸው። ይህችን ግን ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረች፣ መብራት በሄደበት ክፍል ኩርሲ ላይ ተቀምጣ፣ እየሞከረች፣ እየፈረሰባት ነው ያበጀቻት። አንዴ ከአቀስታ በብርድ ገርጥታ ተመልሳ «እቴቴ፣ ዛሬ ቀጠለች!» ብላ አንገቴ ላይ እንደተጠመጠመች አልረሳውም።

«የለችም» አለች አሁን፤ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ።

«ማናት የሌለችው?»

«ከዋናው አውጥቶኛል።»

«ማን ነው ያወጣሽ፣ ሆዴ?»

«ጀላል። ለይቶ ጨርሶታል። አብረን እንለያለን ብሎኝ፣ ብቻውን ለይቶ ለሰው ሁሉ ልኮታል።»

«ታዲያ የት አስቀመጠሽ?»

«ከተጨማሪዎቹ ጋር። የፈለገ የሚጨምረኝ፣ ያልፈለገ የሚተወኝ።»

ያ ረቢ! እኔ ስለ ፕሮግራሙ ነበር የምጠይቃት፤ እሷ ግን ስለ ራሷ ነበር የምትመልስልኝ። ሰው ብዙ ጊዜ ባሕር ማዶ ሲቆይ ልቡ ምን ያስወጣል፣ ምን ያስቀራል፣ ማን ያውቃል? ስንት የዚህ አገር ልጅ ዓረብ አገር ሄዶ የተወውን ረስቶ ቀርቷል! ይህን ሁሉ በሆዴ ይዤ «ደውዪለት» አልኳት።

«አባቴ ከልክሏል።»

«አባትሽን የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ደውዪ ብያለሁ!»

«መናገር ቢፈልግ ሳያወጣኝ በፊት ነበር የሚደውልልኝ» አለችና በፍቃዱን በስልክ እየመራች ኮምፒውተሮቹን አንድ በአንድ ማስነሣት ጀመረች። «አሁን ይህን ተጫን፣ አሁን ጠብቅ» እያለች፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ከማሻ ጋር ቆየች። የመጨረሻው ሲነሣ በፍቃዱ «አላህ ይስጥሽ!» ብሎ ጮኸ፤ እሱ ክርስቲያን ነው፣ ግን እኛ አገር እንዲህ ነው ነገራችን። ነሲባ አልሳቀችም። ላፕቶፑን ዘጋችው። አፏንም አብራ ዘጋች።

*

ጀላል ቅዳሜ ገባ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ስለሰነበተ ሰዉ ሁሉ ከደሴ በሰላም እንዲደርስ ዱዓ ላይ ነበር። እኔ ግን፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሚኒባሱ አቀስታ ላይ ትንሽ ቢቆምበት ብዬ ተመኝቻለሁ፤ ልጄ እስክትናገር፣ ያ የሆዷ ነገር እስኪወጣላት።

ሲመሽ ከጓደኞቹ ጋር በደጃችን አለፈ። ነሲባ መስኮቱ ሥር ነበረች። ቆመና ቀና ብሎ አያት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ፈገግ አለ። ከስቷል፤ ፊቱ ግን ያው የድሮው ነው። እሷ ረጅም ጊዜ አየችው። አንድ ነገር እንዲናገር የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። እሱ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው። መጋረጃውን ለቀቀችው።

ከውጭ የጓደኞቹ ሳቅ ተሰማ። «አፈረችብህ!» አሉት። እሱም ሳቀ። እሱም ያፈረች መሰለው! ወጥቼ ልንገረው ብዬ እስከ በሩ ደርሻለሁ፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ተመለስኩ። ነሲባ መጋረጃው ሥር ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ነበር። እንባ የለም። እንባ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

አሕመድኑርን ጎትቼ ነገርኩት።

«እማ፣ ድንኳኑ ገና አልቆመም፤ እንግዳ እየገባ ነው፤ አንቺ ስለ ኮምፒውተር ታወሪኛለሽ? ከኒካሁ በኋላ ይነጋገራሉ።»

«ከኒካሁ በኋላማ የባልና ሚስት ጠብ ሆነ! አሁን ነው እንጂ መነጋገር።»

«አብሽሪ፣ እማ፣ አትጨነቂ» ብሎኝ ሄደ።

እናቷ ኡምኩልሱምም «ሙሽራ አይደለች እንዴ፣ ምን እንድትል ፈልገው ነው?» አለችኝ፤ እሷም የዋህ ናት። ያን ሁሉ ሽር ጉድ፣ ያን ሁሉ እልልታ እያየሁ፣ የምፈራውን ለማን እንደምነግር አጣሁ።

*

እሑድ ሳሎኑ ጢም አለ። ጓዳውን ሴቶች ሞሉት። መርዋም የሙሽራው እናት ናትና ከኛው ጋር ተቀምጣለች፤ በወርቅ አጊጣ፣ ግን እንደ እንግዳ ጥግ ይዛ። ማንም ጠጋ በዪ አላላትም። በሳሎኑና በጓዳው መሀል ያለው አንድ መጋረጃ ብቻ ነው።

ምስክሮቹ ወንድሜ ሰዲቅና ጎረቤታችን ሼህ ሙሐሲን ናቸው። መጋረጃውን ገልጠው በሩ ላይ ቆሙ። ሰዲቅ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነሲባ አሕመድኑር፣ ለጀላል እንዲድርሽ አባትሽን ወክለሻል ወይ?»

ዝም።

ነጠላዋ ፊቷን ሸፍኗል። እጇ ጭኗ ላይ ነው፤ ጣቶቿ ተቆላልፈው ነጭ ሆነዋል። ሴቶቹ እርስ በርስ በፈገግታ ተያዩ። ሰዲቅ ደገመ። ዝም። ሦስተኛውን ጠየቀ። ዝም።

«ማሻአላህ፣ ጨዋ ልጅ» አለ ሰዲቅ። «ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» ብሎ ዞረ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ጉልበቴ ለሶላት እንኳ ግድግዳ ይዞ ነው የሚነሣው።

«ተመለስ ሰዲቅ!»

«ምነው እህቴ?»

«ይህች ዝምታ የፈቃድ አይደለችም!»

ሳሎን ያሉት ወንዶች ወደ መጋረጃው ዞሩ። አንዷ ሴት «ውይ በሞትኩት» ስትል ሰማሁ። ሰዲቅ በጥርሱ መሀል «ሰው ፊት አታዋርጂን፤ ተቀመጪ» አለኝ።

«አልቀመጥም። አሳድጌያታለሁ። ስታፍር አንገቷን ታቀረቅራለች፤ አሁን እያት፣ አንገቷ ቀጥ እንዳለ ነው። ስትቆጣ ነው እንዲህ የምትሆነው። ይህንን ዝምታ ይዘህ ሄደህ ብታስርበት፣ ወላሂ አላህ ፊት እጠይቅሃለሁ!»

አሕመድኑር መጋረጃው ጋ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል። የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እኔን አላየኝም፣ ልጁን ነው ያየው። ያን ቀን መጀመሪያ በደንብ ያያት ያኔ ይመስለኛል።

«ሰዲቅ፣ ቆይ» አለ ቀስ ብሎ። «ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው ልጅቷ አፍራ እንደሆነ ነው። ቅሬታ ከታየባት አይሆንም። ለደረሳዎቼ የማስተምረውን ለገዛ ልጄ ልረሳ ነበር።» ከዚያ «ነሲባ፣ ምንድን ነው ልጄ?» አላት።

ከሐሙስ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል ያኔ ተናገረች።

«ጀላልን አንድ ነገር ልጠይቀው።»

ሰዉ አጉረመረመ። አሕመድኑር ግን «ከመጋረጃው ወዲህና ወዲያ ሆናችሁ፣ ሁላችን እየሰማን» አለና መጋረጃውን ራሱ መለሰው። የጀላል ርምጃ ሲቀርብ ተሰማ። ከጨርቁ ሥር የጫማው ጫፍ ታየኝ።

«ጀላል» አለች።

«አቤት።»

«ማሻ ላይ መብራት ሄደ።»

ሼህ ሙሐሲን ጎንበስ ብለው ወደ ሰዲቅ «ልጁ መብራት ኃይል ነው እንዴ የሚሠራው?» ሲሉ ሳሎኑ ውስጥ የታፈነ ሳቅ ተሰማ። ጀላል ግን አልሳቀም።

«ወንፈል እየሠራ ሳለ?» አለ።

«እየሠራ ሳለ። በመሀል ቀረ። ለምን አወጣሃት?»

«ላቀልልሽ ብዬ ነው» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል። «ጠዋት የጀመርሽው ይቋረጥብሻል፤ ስትማረሪ እየሰማሁ ስንት ቀን ከፋኝ። ለሰርጋችን ሳትጠብቂው ቀላሉን ልስጥሽ አልኩ። ወዲያው ሲወርድልሽ ፊትሽ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ ነው የለየሁት። የማይሠሩትን ሳወጣ፣ ሳወጣ... ያንቺ ክፍል ጋ ደረስኩ። እኔ ጋ ሥራ ላይ ውላ አታውቅም። ሻርጃ አንድም ቀን መብራት ሄዶ አያውቅም። ተጨማሪ ናት አልኩ።»

«አብረን እንለያለን አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ። ላስደስትሽ ብዬ ነው የቸኮልኩት። መብራት እንደሚሄድ ረሳሁት፣ ነሲባ።»

«መብራቱን አይደለም የረሳኸው» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ግን ያ ሁሉ ሰው ሰማው። «እኔ የት እንደምኖር ነው የረሳኸው።»

እኔ ራሴ ሁሉም ነገር የፈረሰ መሰለኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ፣ አላወቅኩም።

ከጥጉ መርዋ ተነሣች። ወርቋ ተንኳኳ። ነሲባ ፊት መጥታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ለዚያ ሁሉ ያማረ ልብሷ እንኳ አላሰበችም።

«ልጄ፣ ለሱ ልማለድ አይደለም የመጣሁት። የራሴን ልንገርሽ። ከጅዳ የተመለስኩ ሰሞን ፍሪጅ ገዛሁ። ትልቅ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል። ለዒድ በሥጋ ሞላሁት። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየልኝ። መብራት ሄዶ ሰነበተ። ቋንጣ ላድርገው እንኳ አላልኩም! እዚሁ ተወልጄ፣ መብራት ሳላውቅ አድጌ፣ ጠፋብኝ! ሽታው ነው የነገረኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። መርዋም ሳቀች፤ እንባዋ ግን እየወረደ ነው።

«ለሥጋው አይደለም ያለቀስኩት። አገሬን ሰውነቴ ረስቶት ስለተገኘ ነው። እዚያ ስትኖሪ ሳታውቂው ይረሳል፣ ልጄ። የሚያስታውስሽ ሰው አጠገብሽ ከሌለ ይረሳል።»

ክንዷን ይዤ አስነሣኋት። አጠገቤ አስቀመጥኳት። ሰዲቅ ምን እንደሚል አልጠበቅኩም።

«ዛሬውኑ ወደ ዋናው እመልሳታለሁ» አለ ጀላል ከወዲያ።

«እኔን ለማስደሰት ከሆነ እዚያው ተዋት።»

ምን ትላለች ይህች ልጅ! እየመለሰላት አይደል እንዴ! እግሯን ልቆነጥጣት ቃጣኝ።

«ታዲያ ምን ልበልሽ?»

«ለምን እንደምትመለስ ንገረኝ።»

የጫማው ጫፍ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሊሄድብን ነው አልኩ። ተመልሶ ቀረበ።

«ያለሷ ወንፈል እዚህ ሥራውን ስለማይጨርስ» አለ። «እኔ ዋናውን የለየሁት የማይጠፋ መብራት ሥር ተቀምጬ ነው። ወንፈል ግን የሚሠራው ማሻ ነው፤ አቀስታ ነው፤ አንቺ ያለሽበት ነው። ከዚያ ሆኜ ብቻዬን መለየት አልነበረብኝም። አንቺን ሳልጠይቅ ምኑም ላይ እጄን አላሳርፍም። ከፈለግሽ የኔን ሁሉ አውጪው፤ አልከራከርሽም።»

«ትከራከረኛለህ እንጂ!» አለች ነሲባ፤ ነጠላዋን ከፊቷ ገፍታ። «ካልተከራከርከኝማ ምኑን አብረን ለየን? ሙሉው ጥቅል ከብዷል፤ እሱ ላይ እውነትህን ነው። የሻርጃዎቹ ያንተ ክፍሎች ይውጡ። የአታሚዋ የኔ ክፍልም ትውጣ፤ አታሚ ያለው ትምህርት ቤት ለራሱ ይጨምራት።»

«የፊደሏ ግን ትቆይ» አለ ጀላል ፈጠን ብሎ። «ሳወጣትም ቆጭቶኛል።»

«እሷን አውጥተህ ኖሯል? አላየሁማ!»

«አየሽ፣ ሌላም ጠብ አለልን» አለ፤ ሳሎኑ ሙሉ ሳቀ። በመሀል ሼህ ሙሐሲን ምርኩዛቸውን መሬት መታ አድርገው «እንግዲህ ልጆች፣ ኒካሁን እንሰር ወይስ ማሽኑን?» ሲሉ ሴቶቹም አልቻሉም።

አሕመድኑር ብቻ አልሳቀም። መጋረጃውን ገልጦ ገባና ልጁ ፊት ተንበረከከ።

«ነሲባ፣ እንደገና ይጠይቁሻል። እምቢ ካልሽም ልጄ ነሽ፤ ይህን ሁሉ እንግዳ እኔ ይቅርታ ጠይቄ እሸኘዋለሁ። በዝምታሽ ግን አልድርሽም። ቃልሽን እፈልጋለሁ።»

ሰዲቅ በሩ ላይ ቆመ። አሁን ድምፁ እንደ ቅድሙ አይደለም፤ እሱም የፈራ ይመስላል።

«ለጀላል እንዲድርሽ አባትሽን ወክለሻል ወይ?»

ሴቶቹ ወደ ፊት አዘነበሉ። መርዋ እጄን ፈልጋ ያዘች።

«ወክያለሁ» አለች።

ሁለተኛውን ጠየቃት። «ወክያለሁ።» ይህኛው ጮክ ያለ ነው፤ ሳሎኑ ጫፍ ድረስ ሄደ። ሦስተኛውን ሲጠይቃት ግን ድምፅዋ ተሰበረ፤ «ወክ...» ብላ ቆመች፣ እንባዋ ዱብ ሲል «ወክያለሁ» ብላ ጨረሰችው። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ትንፋሹን በረጅሙ ሲለቅ ተሰማኝ። ማን እንደሆነ አላጣሁትም።

እልል ማለት የኔ ፋንታ ነበር። ፍርሃት እንደሁ አልለቀቀኝም፤ ሻርጃ አለ፣ ያ መንገድ አለ፣ ሁለቱም እልኸኞች ናቸው። እስከዚያች ሰዓት ግን የፈራሁት ሳትናገር ተይዛ እንዳትሄድብኝ ነበር። አሁን በገዛ ድምፅዋ ልትሄድብኝ ነው። ይኼኛው ግን ፍርሃትም ሆኖ ይሞቀኛል። የመርዋ እጅ በእጄ ውስጥ ነው፤ ሁለታችንም አንለቅም።